ኦማሃ ፖከር፦ አራት ካርታ ይዞ መጣልን እንዴት ተማርኩ

ይህን የምጽፈው ቴክሳስ ሆልደም (ሁለት ካርታ ይዘው የሚጫወቱት ፖከር) ለምዳችሁ አሁን ወደ ኦማሃ ለመግባት ለምታስቡ ነው። በተለይ ፖት ሊሚት ኦማሃ ለሚባለው። እኔ በሆልደም እውቀቴ ተማምኜ ገባሁና አንድ ዓመት ሙሉ ስሸነፍ ኖርኩ። አሁን ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ያን ዓመት ማንም ቁጭ አድርጎ ያልነገረኝን ነገር እዚህ ላስቀምጠው።

የምንጫወተው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጋሼ ቤት ነው። አምስት ነን። እኔ ብርድ ልብስ ፋብሪካ እሠራለሁ። አንዱ መምህር ነው። አንዱ አይሱዙ እየነዳ ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። አንዱ የመንዝ ልጅ ነው፤ መሃል ሜዳ ያደገ፣ ብዙ የማያወራ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤቱም ካርታውም የእሳቸው ነው። ከሰሉ ተያይዞ፣ ሁላችንም ጋቢ ደርበን፣ ቆሎው መሃል ተቀምጦ ነው ጨዋታው የሚጀመረው። የእኛን ከተማ የማታ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቺፕስ የለንም። ባቄላ ነው። ሁላችንም በ200 ፍሬ ደረቅ ባቄላ እንጀምራለን፣ የእያንዳንዱ ቅዳሜ ውጤት ይመዘገባል፣ በወሩ መጨረሻ ከሁሉ ያነሰው ሰው ለአምስታችን ጥብስ ይጋብዛል። በገንዘብ አንጫወትም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ኦማሃን ያመጣልን የአክስቴ ልጅ ነው። ፍራንክፈርት ይኖራል፤ ለገና መጥቶ አንድ ማታ ይዤው ሄድኩ። ሆልደም ስንጫወት ትንሽ አየንና "ወንድሜ፣ አራት አራት ካርታ እናድል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት መመለስ አትፈልጉም" አለ። እውነቱን ነው፣ አልተመለስንም።

ሕጉ አጭር ነው። አራት ካርታ ይሰጣችኋል፣ ጠረጴዛው ላይ አምስት ይዘረጋል። ከእጃችሁ ልክ ሁለት፣ ከጠረጴዛው ልክ ሦስት ትጠቀማላችሁ። ሁለት ማለት ሁለት ነው። አንድ አይሆንም፣ ሦስት አይሆንም። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሆልደም የለመደ ዓይን ይህን ለመቀበል ወራት ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ማታ እጄ ላይ የስፔድ አስ ነበረ። ከእሱ ጋር ሁለት ኪንግና አንድ የክላብ 9። ጠረጴዛው ላይ አራት ስፔድ ወጣ። በሆልደም ቢሆን ጨዋታው አለቀ፣ አስ ይዤ ማን ይደርስብኛል? ያለኝን ባቄላ ሁሉ ገፋሁ። ሹፌሩ ከፈለ። የስፔድ 6 እና 5 አሳየ። እኔ አስ አሳየሁ። የአክስቴ ልጅ ካርታዬን በጣቱ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና "ሁለተኛው ስፔድህ የታለ?" አለኝ። የለም። ፍላሽ (አምስት ካርታ በአንድ ዓይነት) የለኝም ማለት ነው። ከእጄ አንድ ብቻ ስፔድ ካለ፣ ጠረጴዛው ላይ አራትም ቢወጣ አምስትም ቢወጣ ለእኔ ምንም አይደለም።

እስካሁን አዲስ ሰው ሲመጣ ይህንኑ ስህተት ይሠራል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከማስያዛችሁ በፊት በልባችሁ "ሁለቱ ካርታዎቼ እነማን ናቸው?" ብላችሁ በስም ጥሯቸው። ስም መጥራት ካልቻላችሁ እጅ የላችሁም።

ቀጥሎ ፖት ሊሚት የሚለውን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። ያላችሁ ከፖቱ (መሃል ከተሰበሰበው) ከበለጠ በአንድ ጊዜ ሁሉን መግፋት አይቻልም። ከፍተኛው ጭማሪ ፖቱ ውስጥ ያለው ያህል ነው፣ እሱም መጀመሪያ የሚጠበቅባችሁን ከፍላችሁ ከተቆጠረ በኋላ። በባቄላ ላሳያችሁ። ፖቱ ውስጥ 60 አለ። ሹፌሩ 40 አስያዘ። እኔ መጀመሪያ በሐሳቤ 40 እከፍላለሁ፤ 60 እና 40 እና 40 ሲደመር 140 ሆነ። አሁን ተጨማሪ 140 መጨመር እችላለሁ። ስለዚህ ከእጄ በድምሩ 180 ይወጣል። አቋራጩ ይኸው፦ ከፊታችሁ የተያዘውን በሦስት አባዙ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ፖት ደምሩ። 40 በሦስት 120፣ ሲደመር 60፣ 180። ብላይንዱ (ሁለት ሰው ካርታ ሳያይ በግዴታ የሚያስቀምጠው) 1 እና 2 ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጨማሪ ከ7 በላይ ማድረግ አይችልም። ባቄላ እየቆጠርን ስለተማርን ይመስለኛል እኛ ጠረጴዛ ላይ አሁን በሂሳብ የሚሳሳት ሰው የለም።

ከዚህ የሚከተለው ግን ከሂሳቡ ይበልጣል። ፖቱ 10 ነበር እንበል። በፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠረጴዛ ካርታዎች ሲወጡ) ፖቱን ያህል ተያዘ፣ አንድ ሰው ከፈለ፤ 30 ሆነ። በተርን (አራተኛው ሲወጣ) እንደገና፤ 90። በሪቨር (አምስተኛው ሲወጣ) እንደገና፤ 270። በየደረጃው በሦስት ይባዛል። በ10 ባቄላ የጀመረ ነገር ከእያንዳንዳችሁ 130 ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ሪቨር ላይ የሚያስለቅሳችሁ ውሳኔ የተወሰነው መጀመሪያ ላይ ነው፣ "እስቲ ፍሎፑን ልየው" ስትሉ። ሹፌሩ ይህን በራሱ ቋንቋ ነው የሚናገረው። "ጣርማ በርን በፍሬን አትወርደውም፣ ከላይ ማርሽ ቀንሰህ ነው የምትገባው" ይላል። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የጋለበት መኪና ያየ ሰው ይገባዋል።

አሁን ስለ አስ ላውራ። የመጀመሪያው ዓመቴን የበላው እሱ ነው።

በሆልደም ሁለት አስ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ይመጣል። ሲመጣ ልብ ይዘላል። በኦማሃ ከአራቱ ካርታ ቢያንስ ሁለቱ አስ የሚሆኑት ከ39 እጅ አንዴ ገደማ ነው። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሦስት ጊዜ ታዩታላችሁ። እኔ ግን እንደ ብርቅ ነበር የማየው። አንድ ማታ የስፔድ አስ፣ የዳይመንድ አስ፣ የክላብ 7 እና የሃርት 2 መጣልኝ። አራቱም የተለያየ ዓይነት፣ 7 እና 2 ከማንም ጋር አይገናኙ። ፖቱን ጨመርኩ። መምህሩ መልሶ ጨመረ። ደስ አለኝ፣ እኔም መልሼ ጨመርኩ፣ እሱ ከፈለ። ፍሎፑ የዳይመንድ 9፣ የሃርት 8፣ የሃርት 3። አስያዝኩ፣ ከፈለ። ተርኑ የዳይመንድ 7። የቀረኝን ባቄላ በሁለት እጄ ገፋሁት። መምህሩ እጁን ዘረጋ፦ ጃክና 10 በሃርት፣ 9 እና 8 በክላብ። ፍሎፕ ላይ ሁለት ጥንድ፣ ከዚያ በላይ የፍላሽና የስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ተስፋ ነበረው፤ 7 ሲወጣ ስትሬቱ ሞላለት። እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጥንድ ብቻ ነበረኝ።

ያኔ ዕድል ነው አልኩ። አይደለም። በሆልደም ሁለት አስ ከሌላ ጥንድ ጋር ሲጋጠም ከ100 ጊዜ 80 ገደማ ያሸንፋል። በኦማሃ እንደ እኔ ያለ ደረቅ አስ፣ እንደ መምህሩ ተከታታይና ሁለት ዓይነት ቀለም (ሃርትና ክላብ) ካለው እጅ ጋር ሲጋጠም ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ይቻላል። እና ግማሽ በግማሽ የሆነውም አምስቱም ካርታ እስኪዘረጋ ድረስ ከተጠበቀ ነው፤ ፍሎፕ ላይ ግን መምህሩ የት እንዳለ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። አስ ጥሩ የሚሆነው አጋሮቹ ጥሩ ሲሆኑ ነው። ሁለት አስ ከሁለት ኪንግ ጋር፣ ሁለቱም አስ ከየኪንጉ ጋር በቀለም ሲገጥም፣ በኦማሃ ከሚሰጡ እጆች ሁሉ ጠንካራው ነው። አስ ከ7 እና 2 ጋር ግን በርካሽ ፍሎፕ የምታዩበት እጅ ነው። ካልያዘ ጣሉት።

ታዲያ እጅ እንዴት ይመረጣል? ከአራት ካርታ የሚወጣው የእጅ ዓይነት 270,725 ነው፤ በሆልደም 1,326 ብቻ ነበር። በቃል የሚያዝ ነገር አይደለም። እኔን የረዳኝ ጋሼ የተናገሩት ነው። የገበሬ ልጅ ናቸውና ካርታውን በጥማድ ነው የሚያዩት። "ልጄ፣ አራት በሬ ያለው ሰው ስንት ዓይነት ጥማድ ያወጣል?" ብለው ጠየቁኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት። "አንዱ በሬ አንካሳ ቢሆንስ?" ሦስት ብቻ ቀረ። አንድ ካርታ ሲበላሽ የእጃችሁ ግማሽ ነው የሚጠፋው። ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ ይዛችሁ አራተኛው 3 ከሆነ፣ ሦስቱን አይታችሁ አትደሰቱ። ተቃዋሚያችሁ ስድስት ጥማድ ይዞ ነው የሚያርሰው፣ እናንተ ሦስት።

ስለዚህ አራቱም የሚነጋገሩ ካርታዎችን ፈልጉ። ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8 ዓይነት ተከታታይ። ከዚያ ቀለም፦ ሁለቱ በአንድ ዓይነት፣ ሌሎቹ ሁለቱ በሌላ ዓይነት ሲሆኑ በጣም ጥሩ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ሲሆኑ ግን ደካማ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱን ብቻ ነው የምትጠቀሙት፣ የቀሩት ሁለቱ ፍላሹን ይሞላላችሁ የነበረውን ካርታ ከካርታው ክምር አውጥተው ይዘውባችኋል። ሦስት 9 መያዝም እንደዚሁ ነው። አዲስ ሰው ሲያየው ዓይኑ ያበራል፤ ግን ከሦስቱ አንዱ ሥራ የለውም፣ ጠረጴዛው ላይ ሊወጣላችሁ የሚችል 9 ደግሞ አንድ ብቻ ቀረ። ዝቅተኛ ጥንዶች፣ 4-4 ወይም 5-5 ያለበት እጅ፣ እኔ አሁን ብዙውን ጊዜ እጥላለሁ። ምክንያቱ ከሚቀጥለው ነገር ጋር ይያያዛል።

የሚቀጥለው ነገር ዋናው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ።

በጨዋታው ቋንቋ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊኖር የሚችለው ከሁሉ የሚበልጥ እጅ ስም አለው። እኛ "አናት" ነው የምንለው። የአክስቴ ልጅ ቃሉን በእንግሊዝኛ "ናትስ" ብሎ ሲናገር ጋሼ "አናት" ብለው ሰሙት፣ ትርጉሙም ልክ ስለገጠመ በዚያው ቀረ። በሆልደም አናት ባይኖራችሁም ታሸንፋላችሁ፤ ጥሩ ጥንድ ይበቃል። በኦማሃ አምስት ሰው ሲቀመጥ ከ52ቱ ካርታ 20ው በሰው እጅ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስድስት ጥማድ አለው። ጠረጴዛው ላይ ፍላሽ የሚቻል ከሆነ ፍላሹ አለ ብላችሁ ተነሱ፤ በተለይ ሁለት ሰው ፖቱን ያህል እየጨመረ ከሆነ።

በኪንግ የሚመራ ፍላሽ ስንቴ እንዳከሰረኝ ደብተሬ ላይ አለ። ደብተር ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ፤ ትልቅ ፖት በተጫወትኩ ቁጥር ቤት ገብቼ ሳልተኛ እጄን፣ የጠረጴዛውን ካርታና ያሸነፈውን እጅ እጽፍ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ገልጬ ሳየው ትልልቆቹ ኪሳራዎች አንድ መልክ ነበራቸው። ባዶ እጄን የተሸነፍኩት ትንሽ ነው። አብዛኛው ሁለተኛ ሆኜ ነው። በኪንግ ፍላሽ፣ አስ ያለው ጋር። በትንሹ ሦስት ተመሳሳይ፣ ለምሳሌ ጠረጴዛው ኪንግ-9-4 ሲሆን 4-4 ይዤ፣ 9-9 ካለው ጋር። በትንሹ ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ)፣ ትልቁ ካለው ጋር። ሁለተኛ የሆነ እጅ በኦማሃ ከባዶ እጅ ይብሳል፣ ባዶውን ትጥሉታላችሁ፣ ሁለተኛውን ግን እስከ መጨረሻው ትከፍሉበታላችሁ። ያን ደብተር ካነበብኩ በኋላ ነው ጨዋታዬ የተቀየረው። "አሁን እየመራሁ ነው?" ማለቴን ትቼ "የምጠብቀው ካርታ ቢመጣ አናት ላይ ያደርሰኛል?" ማለት ጀመርኩ።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ፣ የምወደው ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እጃችሁ 10፣ 9፣ 6፣ 5 ነው። ፍሎፑ 8፣ 7፣ 2፣ ቀለማቸው የተለያየ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን 8 እና 7 ከላይም ከታችም አቅፋችኋቸዋል። ስትሬት የሚሞሉላችሁ ካርታዎች፦ አራት ጃክ፣ ሦስት 10፣ ሦስት 9፣ ሦስት 6፣ ሦስት 5፣ አራት 4። ድምሩ 20። ያላያችሁት ካርታ 45 ነው። በሚቀጥለው ካርታ የመሙላት ዕድላችሁ 44 ከመቶ፣ ሁለቱም ካርታ እስኪወጣ ደግሞ 70 ከመቶ ገደማ። ሆልደም ውስጥ ለስትሬት ይህን ያህል ካርታ አይገኝም። ገና ምንም ያልያዘ እጅ ከያዘው ሊበልጥ ይችላል።

ግን ቆም በሉ። ከ20ው ስንቱ ነው አናት? 10 ከወጣ ጠረጴዛው 10-8-7 ይሆናል፣ አናቱ ጃክና 9 ያለው ነው፤ እናንተ በ9 እና 6 ሁለተኛ ናችሁ። 9 ከወጣም ጃክና 10 ያለው ይበልጣችኋል። እነዚያ ስድስቱን ቀንሱ። 14 ቀረ። ጃክ፣ 6፣ 5 ወይም 4 ከወጣ አናት ላይ ናችሁ። ከዚህ ጋር የሚከተለውን አወዳድሩት፦ እጃችሁ ላይ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፤ ጠረጴዛው ላይ 10፣ 9፣ 3። የሚሞላላችሁ 13 ካርታ ነው፣ ከ20 ያነሰ፣ ግን አሥራ ሦስቱም አናት ናቸው። ለዚህ ነው ከላይ የሚያቅፉ ትልልቅ ካርታዎች ከታች ከሚያቅፉት የሚሻሉት። እኔ በርጋታ የምከፍለው በእነዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ከወጣ ስትሬቱ ቢሞላም ፉል ሃውስ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ተቃዋሚያችሁ ሦስት ተመሳሳይ ይዞ ከሆነ ያ 70 ከመቶ ይቀንሳል።

ለመክፈል ስንት ዕድል ያስፈልጋል? ፖቱ 90 ሆኖ ሰውየው 90 ካስያዘ፣ 90 ከፍላችሁ 270 ለመውሰድ ነው፤ ከሦስት አንድ፣ 33 ከመቶ ማለት ነው። የፖቱን ግማሽ ካስያዘ 25 ከመቶ ይበቃል። 14 አናት ካርታ ከ45፣ 31 ከመቶ ነው፤ ለአንድ ካርታ ሙሉ ፖት ለመክፈል በጠርዙ ላይ ያለ፣ ሲሞላላችሁ ግን ሌላ የሚከፍላችሁ ሰው ካለ የሚያዋጣ። ይህን ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መሥራት መጀመሪያ ያስጨንቃል። በሦስት ወር ይለመዳል።

አሁን አናት ይዛችሁም የምትከስሩበትን ልንገራችሁ። ይህን ስማር ማመን አቅቶኝ ነበር። ፍሎፑ የስፔድ 10፣ የስፔድ 9 እና የዳይመንድ 8። እጄ ላይ የሃርት ኩዊን፣ የክላብ ጃክ፣ የክላብ 3 እና የሃርት 2። አናት ስትሬት ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ አሁን የለም። የመንዙ ልጅ ፖቱን አስያዘ። ጨመርኩ። ጨመረ። ሁሉም መሃል ገባ። ሲያሳይ እሱም ኩዊንና ጃክ ነው፣ ግን ሁለቱም ስፔድ። ስለዚህ እኔ ከሁሉ ጥሩው ቢሆንልኝ ፖቱን እካፈላለሁ፣ እሱ ከሁሉ መጥፎው ቢደርስበት ይካፈላል፣ ስፔድ ከወጣ ደግሞ ሁሉን ይወስዳል። ስፔድ ወጣ። እሱ በነፃ ነበር የሚጫወተው፣ እኔ በራሴ ባቄላ። ፍሎፕ ላይ አናት ይዛችሁ ከኋላ የሚደግፍ ሌላ ተስፋ ከሌላችሁ ፖቱን አታሳብጡ። ክፈሉ፣ ተርኑን እዩ፣ አደገኛ ካርታ ካልመጣ ያኔ አጥብቁ።

ስለ ቦታ ብዙ አልልም። መጨረሻ የሚናገር ሰው ሌላው ሁሉ ያደረገውን አይቶ ይወስናል፤ ኦማሃ ውስጥ ይህ ከሆልደም የበለጠ ዋጋ አለው። መጀመሪያ ተናጋሪ ስሆን የምጫወተውን እጅ በግማሽ እቀንሳለሁ።

ማስፈራራትም አለ፣ ግን ልኩን ማወቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ክላብ አለ እንበል፣ እናንተ የክላብ አስ አላችሁ፣ ሌላ ክላብ ግን የላችሁም። ፍላሽ የላችሁም። ነገር ግን አንድ እርግጠኛ ነገር ታውቃላችሁ፦ አናት ፍላሽ ማንም የለውም፣ ምክንያቱም አሱ እናንተ ጋ ነው። ፖቱን ያህል ስታስይዙ ኪንግ ፍላሽ የያዘ ሰው ይጨነቃል። መምህሩን አንዴ በዚህ አስጥዬዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ጥንድ አልነበረም፣ ካርታውን ረጅም ጊዜ አይቶ ጣለው። ሠርቶልኝ የነበረው ግን መምህሩ አናትን የሚያስብ ሰው ስለሆነ ነው። ሹፌሩን በዚህ አልሞክረውም። እሱ ፍላሽ ካየ ይከፍላል፣ አለቀ።

አሁን ስለ ገንዘቡ።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ትንሽ ማሸነፍ ስጀምር ስልኬ ላይ በገንዘብ ሞከርኩ። የት እንደሆነ አልጠራም። የምሽት ፈረቃ ጨርሼ፣ ደክሞኝ፣ ጭለማ ውስጥ በስልኬ ብርሃን እጫወት ነበር። መጀመሪያ አሸነፍኩ። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለፋሲካ በግ ብለን ከባለቤቴ ጋር ካስቀመጥነው ብር ግማሹ ሄደ። ስነግራት አልጮኸችም። "ለልጆቹ ምን እንበላቸው?" ብቻ ነው ያለችው። ያ ጥያቄ እስከዛሬ አልወጣልኝም። በደንብ ስላልተጫወትኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱን እጅ በትክክል ነው የተጫወትኩት። ኦማሃ በባሕሪው እንዲህ ነው፤ እጆቹ በጉልበት ስለሚቀራረቡ ትክክለኛው ሰውም ለረጅም ጊዜ ሊከስር ይችላል።

ይህን የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ፊል ጋልፎንድ የሚባለው አሜሪካዊ ባለሙያ፣ ቬኒቪዲ1993 በሚል ስም ከሚታወቅ ተጫዋች ጋር 25,000 እጅ ፖት ሊሚት ኦማሃ መጫወት ጀመረ። ጋልፎንድ በዓለም ከሚታወቁት የኦማሃ ተጫዋቾች አንዱ ነው። መሃል ላይ 900,000 ዩሮ ገደማ ከሰረ። አርፎ ተመለሰ፣ ቀስ በቀስ አስመለሰ፣ 25,000ው እጅ ሲያልቅ ያሸነፈው 1,671 ዩሮ ገደማ ነበር። እኛ በቅዳሜ ማታ ቢበዛ 100 እጅ እንጫወታለን። በ100 እጅ ማን ጎበዝ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ለሦስት ቅዳሜ ስላሸነፋችሁ ጎበዝ ነን አትበሉ፣ ለሦስት ቅዳሜ ስለተሸነፋችሁም አትዘኑ። የቤት ወጪ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የበግ መግዣ ግን ወደዚህ ጨዋታ አይገባም። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ባቄላ ያስተምራል። ጥብስ ለመጋበዝ መፍራት ራሱ በቂ ጥንቃቄ ያመጣል፣ እኛ አይተነዋል።

መለማመድ ለምትፈልጉ፣ እኔ ቤት ውስጥ የማደርገው ይህ ነው። ካርታውን እበውዛለሁ፣ ሦስት ካርታ እዘረጋለሁ፣ አናቱ ምን እንደሆነ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ አራተኛውን፤ አናቱ ተቀየረ? አምስተኛውን፤ አሁንስ? በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር አራቱን እሳሳት ነበር። ስትሬቱን አይቼ ፍላሹን እረሳለሁ፣ ፍላሹን አይቼ ጥንዱን እረሳለሁ። ትልቋ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች አንዳንዴ ከእኔ ቀድማ ትናገራለች። ከዚያ ለራሴ አራት ካርታ አወጣና ስድስቱን ጥማድ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ፖቱ 64 ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዳይመንድ፣ ጥንድ የለም። እኔ የዳይመንድ ኪንግና 10። ሹፌሩ ቀድሞ ጥሏል። የመንዙ ልጅ፣ ማታውን ሙሉ ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ 64 አስያዘ። እየቆጠረ ነው ያስቀመጠው፣ አሥር አሥሩን እየደረደረ፣ መጨረሻ ላይ አራቱን። ጋሼ ከሰሉን ቆስቆስ አደረጉ። ከእጄ አስወጥቼ ለማስቀመጥ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፣ ግን ጣልኩት። ካርታውን አላሳየም፣ ባቄላውን ወደ ራሱ ሰበሰበ፣ ቆሎ ዘገነ። ቤት ስገባ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ ኪንግ ፍላሽ፣ ጣልኩ፣ 64 ባቄላ ተረፈ።